ስኳራቸው 450 የሆነው አዛውንት ቤታቸው ሄደው፣ 290 የሆነባት ወጣት ለምን ተኛች? በስኳር ድንገተኛ ሕመም ጊዜ የላብራቶሪ ውጤት አነባበብና የነርሶች ድርሻ

በአዳማ የጤና ተቋማት ድንገተኛ ክፍሎች ከአስታማሚዎች አፍ መጀመሪያ የሚወጣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ «ሲስተር፣ ስኳሩ ስንት ሆነ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግሉኮሜትር በየመድኃኒት ቤቱና በየቤቱ ከገባ ወዲህ የስኳር ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ቁጥሩን ማንበብ ለምዷል። ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ቁጥሮቹ ሲነጻጸሩ ነው። ስኳራቸው 450 ደርሶ የመጡ አዛውንት መድኃኒታቸው ተስተካክሎላቸውና የክትትል ቀጠሮ ተሰጥቷቸው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ 290 የሆነባት ወጣት ግን የጽኑ ሕሙማን ክፍል አልጋ ይፈለግላታል። ኢንሱሊኑ ተዘጋጅቶ እያለ «የፖታሲየም ውጤት እስኪመጣ እንጠብቅ» ሲባል ቤተሰብ መዘግየቱን እንደ ቸልተኝነት ይቆጥረዋል። ስኳሩ ወደ 250 አካባቢ ከወረደ በኋላ ደግሞ ኢንሱሊኑ ሳይቋረጥ ግሉኮስ አብሮ ሲንጠለጠል «ስኳር ላለበት ሰው እንዴት ስኳር ይሰጣል?» የሚል ቅሬታ ይነሳል።

ሦስቱም ጥያቄዎች የሚመነጩት ከአንድ ቦታ ነው። በስኳር ድንገተኛ ሕመም ጊዜ ጎልቶ የሚታየው የስኳሩ መጠን ቢሆንም የበሽተኛውን ዕጣ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ ሌሎች ቁጥሮች ናቸው፤ እነዚያም ቢሆኑ ናሙናው መቼና እንዴት እንደተወሰደ፣ በሽተኛውም በዚያች ሰዓት በምን ሁኔታ ላይ እንደነበረ ካልታወቀ ትርጉማቸው ይዛባል። ደሙን የሚቀዳው፣ ውጤቱን የሚቀበለውና በሽተኛውን በየሰዓቱ የሚያየው ባለሙያ ነርስ ነው። ስለዚህ የነርሶች የላብራቶሪ ውጤት ግምገማ የሐኪሙን ሥራ መሻማት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ሕክምናው ራሱ የሚቆመው በእሱ ላይ ነው።

ሦስት የተለያዩ አደጋዎች

አንደኛው አደጋ የስኳር ከመጠን በላይ መውረድ፣ በሕክምናው አጠራር ሃይፖግላይሴሚያ ነው። በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ ያለው ስኳር ከ70 ሚሊግራም ሲያንስ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ላይ ተደርሷል ይባላል፤ ከ54 ሲያንስ አንጎል የሚሠራበት ኃይል ማጠር ስለሚጀምር አደጋው ይበረታል። ሰውየው ራሱን መርዳት አቅቶት የሌላ ሰው እጅ ካስፈለገው ግን ቁጥሩ ምንም ይሁን ምን ሁኔታው ከባድ ተብሎ ይመደባል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት የስኳር ቁጥሮች በሙሉ በዚሁ መለኪያ የተሰጡ ናቸው። ይህን ማስታወስ የሚያስፈልገው ከውጭ አገር የሚላኩ አንዳንድ ግሉኮሜትሮች ውጤቱን በሚሊሞል ስለሚያሳዩ ነው፤ በእነዚያ መሣሪያዎች 16 ተብሎ የሚነበበው ስኳር በ18 ሲባዛ 288 ነው፤ ይህን የማያውቅ ቤተሰብ ግን ስኳሩ እጅግ የወረደ ሊመስለው ይችላል።

ሁለተኛው ዳያቤቲክ ኪቶአሲዶሲስ፣ ባለሙያዎች በአጭሩ «ዲኬኤ» የሚሉት ነው። ኢንሱሊን ሲጠፋ ወይም እጅግ ሲያንስ ሕዋሳት በደም ውስጥ የተትረፈረፈውን ስኳር መጠቀም ስለሚያቅታቸው ሰውነት ስብን ማፍረስ ይጀምራል፤ ከዚያም ኪቶን የሚባሉ አሲድነት ያላቸው ውህዶች ተመንጭተው ደሙን ወደ አሲድነት ያዘነብሉታል። በሽተኛው በጥልቀትና በፍጥነት የሚተነፍሰው አሲዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ መልክ ለማስወጣት ሳንባው ስለሚታገል ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ይህን አተነፋፈስ በ1874 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሦስተኛው ሃይፐርኦስሞላር ሁኔታ የሚባለው ነው። ብዙውን ጊዜ በዕድሜ በገፉና ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይታያል። በሰውነታቸው የቀረው ጥቂት ኢንሱሊን ኪቶን እንዳይመነጭ ቢያግድም ስኳሩን ግን መግታት አይችልም፤ ስኳሩ በቀናት ውስጥ ከ600 በላይ ይወጣል፣ ውኃ በሽንት ይፈስሳል፣ ደሙ ይወፍራል፣ አእምሮ ይደነዝዛል። እንዲህ ያሉ አዛውንት «እርጅና ነው» ተብለው ቤት ውስጥ ሊቆዩ ስለሚችሉ የሚደርሱት ዘግይተው ነው።

የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበርና የአውሮፓ የስኳር ሕመም ጥናት ማኅበር ያሉበት የአምስት ተቋማት የጋራ ሰነድ በ2024 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የዲኬኤ መለያ ተሻሽሏል። ቀድሞ ስኳሩ ከ250 በላይ መሆን ነበረበት፤ አሁን 200 እና ከዚያ በላይ መሆኑ፣ ወይም ግለሰቡ ከዚህ ቀደም የስኳር ሕመምተኛ መሆኑ መታወቁ ብቻውን ይበቃል። ሁለቱ ተጨማሪ መመዘኛዎች ግን የግድ ናቸው፤ እነሱም የኪቶን መብዛትና የደሙ አሲድነት ሲሆኑ፣ አሲድነቱ የሚታወቀው ፒኤች (ዝቅ ባለ ቁጥር ደሙ ይበልጥ አሲዳማ መሆኑን የሚያሳየው ልኬት) ከ7.3 ሲያንስ ወይም አሲድን የሚያረክሰው ባይካርቦኔት ከ18 ሚሊሞል በሊትር ሲወርድ ነው። ለውጡ የተደረገው በእርግዝና፣ ለረጅም ጊዜ ምግብ ባለመብላት፣ ወይም ስኳርን በሽንት የሚያስወጡ አዳዲስ ክኒኖችን በመውሰድ ምክንያት ስኳሩ ብዙም ሳይወጣ ደሙ አሲዳማ የሚሆንባቸው በሽተኞች እንዳያመልጡ ነው።

ሁለቱ በሽተኞች በወረቀት ላይ

በመግቢያው የተጠቀሱትን ሁለት በሽተኞች ለማሳያ ያህል በቁጥር እንያቸው። የአዛውንቱ ስኳር 450፣ ሶዲየም 135፣ ክሎራይድ 101፣ ባይካርቦኔት 24 ነው እንበል። የወጣቷ ስኳር 290፣ ሶዲየም 130፣ ክሎራይድ 97፣ ባይካርቦኔት 9 ነው። ነርሷ ከሶዲየሙ ላይ የክሎራይዱንና የባይካርቦኔቱን ድምር ስትቀንስ የምታገኘው ቁጥር አናየን ጋፕ ይባላል፤ በደም ውስጥ በተለመደው ምርመራ የማይቆጠሩ አሲዶች መጠራቀማቸውን በተዘዋዋሪ መንገድ የሚያሳይ ነው። የአዛውንቱ 10 ሲሆን ከተለመደው ክልል አይወጣም። የወጣቷ ግን 24 ነው፤ ከተለመደው እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። ባይካርቦኔቷ ከ10 በታች መሆኑ ብቻውን ዲኬኤው ከከባዱ ደረጃ መድረሱን ያመለክታል።

ሌላም ስሌት አለ። ስኳር ሲበዛ ውኃን ከሕዋስ ወደ ደም ስለሚስብ ሶዲየሙን ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ስኳሩ ከ100 በላይ በወጣ ቁጥር ለእያንዳንዱ 100 ሶዲየሙ ላይ 1.6 ይደመራል፤ ከፍ ያለ ማስተካከያ የሚጠቀሙም አሉ። በዚህ መሠረት የአዛውንቱ ትክክለኛ ሶዲየም 141 ገደማ፣ የወጣቷ 133 ይሆናል። የደሙ ውፍረት ሲገመት ደግሞ የተለካው ሶዲየም በሁለት ተባዝቶ ስኳሩ ለ18 ተካፍሎ ይደመርበታል፤ የአዛውንቱ 295 ስለሚሆን የሃይፐርኦስሞላር መለያ ከሆነው ከ300 በላይ አልወጣም። አእምሯቸው ንቁ ከሆነ፣ ውኃ መጠጣት ከቻሉ፣ ሽንታቸው ላይ ኪቶን ካልታየና ኢንፌክሽን ከሌለባቸው ቤታቸው ሆነው ሊታከሙ ይችላሉ። ወጣቷ ግን በደቂቃ 34 ጊዜ ትተነፍሳለች፣ ታስመልሳለች፣ ሆዷን ያማታል፤ 290 የሚለው ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ ያነሰው ምልክት ነው።

አንድ ወረቀት ላይ የሰፈሩ አራት ቁጥሮችን ደምሮና ቀንሶ ይህን ልዩነት ማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም ውጤቱ ከካርዱ ጋር ተያይዞ «ሐኪሙ ሲመጣ ያየዋል» ተብሎ ከተቀመጠ ያች ደቂቃ ሁለት ሰዓት ልትሆን ትችላለች።

ውጤት ከመነበቡ በፊት ናሙናው ይጠየቃል

ስለ ላብራቶሪ ውጤት በሚነሱ ውይይቶች ብዙም ትኩረት የማያገኘው ከወረቀቱ በፊት ያለው ክፍል ነው። በእኔ ግምት ትልቁ ስሕተት የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው።

ከጣት ደም እንጀምር። ስኳሩ ወርዶበት ራሱን የሳተ ሰው ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ ቤተሰቡ በመንገድ ላይ ማር ወይም ለስላሳ ሲያቀምሰው፣ የበሽተኛው እጅ ላይም ሲፈስ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ያ ጣት ሳይታጠብ ቢወጋ መሣሪያው በቆዳው ላይ የቀረውን ስኳር ከደሙ ጋር ደምሮ ይለካል፤ 45 የሆነው ስኳር 140 ሆኖ ሊታይ ይችላል። በአልኮል መጥረግ ብቻውን ሁልጊዜ አያስተማምንም፤ በውኃ መታጠብ ይሻላል፣ ካልተቻለም የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ሁለተኛው ይለካል። ደም ግፊቱ የወረደ፣ እጁ የቀዘቀዘ በሽተኛ ላይ የጣት ደም ከደም ሥሩ ጋር ላይገጥም ይችላል። ከባድ የደም ማነስ ካለም ብዙ መሣሪያዎች ስኳሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያሉ። መሣሪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ሃይ» የሚል ጽሑፍ ሲያወጣ ደግሞ እንደ ዓይነቱ ስኳሩ ከ500 ወይም ከ600 በላይ ነው ማለት ብቻ ነው፤ 620 ይሁን 1,100 አይነግርም፤ ስለዚህ ከደም ሥር የተቀዳ ደም ወደ ላብራቶሪ መላክ አለበት።

የአዳማ ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። አብዛኞቹ የመመርመሪያ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በማይበልጥ ሙቀት፣ ክዳኑ በተዘጋ ዕቃቸው ውስጥ እንዲቀመጡ አምራቾቻቸው ይመክራሉ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ በቆርቆሮ ክዳን ሥር ያለ ጠረጴዛ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ የዋለ ዕቃ ይህን መመዘኛ አያሟላም። በመኪና ውስጥ የተረሳውማ ጨርሶ የማይታመን ነው። ኢንሱሊንም እንዲሁ በሙቀት ኃይሉን ያጣል፤ መርፌውን ሳያቋርጥ በዲኬኤ የመጣን ሰው ነርሷ ኢንሱሊኑን የት እንደሚያስቀምጥ መጠየቋ የላብራቶሪ ውጤቱን ምንጭ መፈለግ ነው።

ከደም ሥር ሲቀዳ ዋናው ወጥመድ የተንጠለጠለው ፈሳሽ ነው። 5 በመቶ ግሉኮስ ማለት በዴሲሊትር 5,000 ሚሊግራም ስኳር ማለት በመሆኑ ከዚያው ክንድ በተቀዳ ደም ውስጥ ጥቂቱ እንኳ ቢቀላቀል ስኳሩ ሰማይ ይነካል። ኖርማል ሳላይን (የጨው ውኃ) ከሆነ ደግሞ ሶዲየሙንና ክሎራይዱን ከፍ፣ ፖታሲየሙን ዝቅ ያደርጋል። ስለዚህ ደሙ የሚቀዳው ፈሳሽ ካልተተከለበት ክንድ ነው። ለሙሉ የደም ቆጠራ የሚያገለግለው ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ በውስጡ የፖታሲየም ጨው አለው፤ ደም አነሰ ተብሎ ከእሱ ወደ ሌላው ቱቦ ቢገለበጥ ፖታሲየሙ በሐሰት እጅግ ከፍ ብሎ ይታያል።

ከዚያ ጉዞው ይመጣል። የኤሌክትሮላይት (የሶዲየም፣ የፖታሲየምና መሰል ጨዎች) ምርመራ በተቋሙ በማይሠራበት ቀን አስታማሚው ቱቦውን በኪሱ ይዞ፣ ባጃጅ ተሳፍሮ በቀትር ወደ ግል ላብራቶሪ ይሄዳል። በእንዲህ ያለው መንገድ ደሙ ይናጣል፣ ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባበራሉ፣ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም ወደ ውጭ ይፈስሳል። በሌላ በኩል ሕዋሳቱ በቱቦው ውስጥም ስኳር መመገባቸውን ስለማያቆሙ ሕዋሳቱ ያልተለዩበት ደም በክፍል ሙቀት በሰዓት ከ5 እስከ 7 በመቶ የሚሆን ስኳሩን ያጣል። እንግዲህ አስታማሚው ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ስኳሩን ዝቅ፣ ፖታሲየሙን ከፍ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ ሁለቱም ስሕተቶች የሚያመሩት ወደ ሐሰተኛ እፎይታ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፦ ቱቦው በመያዣ ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አይናጥ፣ ደሙ ወዲያው ይለይ፤ የተቀዳበት ሰዓትም ይጻፍበት።

ስለ ሰዓቱ አንድ ነገር ልጨምር። በክትትል ቅጹ ላይ «6፡40» የሚል ሲጻፍ የላብራቶሪው ማሽን ያንኑ ናሙና «12፡40» ብሎ ያትመዋል። በአገራችን የሰዓት አቆጣጠር ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ምሽት ላይ ሥራ የተረከበች ነርስ አራት ወረቀቶችን በቅደም ተከተል ስትደረድር ከኢንሱሊን በፊትና በኋላ የተወሰደው ናሙና ቦታ ሊቀያየርባት ይችላል። «ከቀኑ 6፡40፣ ኢንሱሊን ሳይጀመር፣ ከግራ ክንድ» የሚል አንድ መስመር ይህን ሁሉ ይዘጋል።

ፖታሲየም፦ ለምን ይጠበቃል?

በሰውነት ውስጥ ካለው ፖታሲየም 98 በመቶ ገደማው የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ላብራቶሪው የሚለካው በደም ውስጥ ያለውን ጥቂት ክፍል ብቻ ነው። ዲኬኤ በያዘው ሰው ላይ የኢንሱሊን እጥረቱ፣ የደሙ ውፍረትና አሲድነቱ ፖታሲየሙን ከሕዋስ ወደ ደም ያስወጡታል፤ ከደም ደግሞ በሽንትና በማስመለስ ይጠፋል። በዚህ ምክንያት ደሙ ውስጥ የሚለካው ቁጥር የተለመደ ወይም ከፍ ያለ ሆኖ እያለ የመላ ሰውነት ክምችት ግን ተመናምኗል። የጎደለው በአማካይ በኪሎ ከ3 እስከ 5 ሚሊሞል ይገመታል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ180 እስከ 300 ሚሊሞል መሆኑ ነው።

ኢንሱሊን ሲሰጥ ፖታሲየሙ በፍጥነት ወደ ሕዋስ ይመለሳል። መነሻው 5.2 የነበረው በአራት ሰዓት ውስጥ 3.6 ሊሆን ይችላል። መነሻው 3.1 የነበረ ከሆነ ግን ኢንሱሊኑ የልብን ምት ሊያዛባና የመተንፈሻ ጡንቻን ሊያዝል ወደሚችል ደረጃ ያወርደዋል። ለዚህ ነው መመሪያዎች ፖታሲየሙ ከ3.5 በታች ከሆነ (ቀደም ባሉት 3.3 ነበር) ኢንሱሊኑ እንዲዘገይና ፖታሲየሙ በሰዓት ከ10 እስከ 20 ሚሊሞል እየተተካ እንዲጠበቅ የሚያዙት። ከ3.5 እስከ 5 ከሆነ ኢንሱሊኑ ተጀምሮ በየሊትሩ ፈሳሽ ላይ ፖታሲየም ይጨመራል፤ ከ5 በላይ ከሆነ ያለ ፖታሲየም ተጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ይለካል። ሽንት የማይወጣው በሽተኛ ላይ ፖታሲየም መጨመር ራሱ አደጋ በመሆኑ የሽንቱ መጠን ከዚህ ቁጥር ጎን መጻፍ አለበት። ፖታሲየም ክሎራይድ በፈሳሽ ተበርዞ በዝግታ እንጂ በሲሪንጅ በቀጥታ በደም ሥር ፈጽሞ አይሰጥም፤ ልብ ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ ቤተሰቡን የሚያስቆጣው መጠበቅ ሁሉም ሕክምና የቆመበት ጊዜ አይደለም። በእነዚያ ሰዓታት ውስጥ ዋናው ሕክምና ፈሳሽ ነው፤ የልብ ወይም የኩላሊት ድካም ለሌለበት አዋቂ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ይሰጣል፤ ስኳሩም በፈሳሹ ብቻ መውረድ ይጀምራል። ይህን ለአስታማሚው በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ጊዜ አይወስድም፤ ቁጣንም ያበርዳል።

እውነተኛ ክርክር የሚነሳው ግን የኤሌክትሮላይት ውጤት ጨርሶ በማይገኝበት ቦታ ነው። አንደኛው ወገን ያለ ፖታሲየም ውጤት ኢንሱሊን መጀመር ዓይን ጨፍኖ መንዳት ነው ይላል። ሌላኛው ወገን አሲዱ ራሱ እየገደለ ኢንሱሊን መከልከል አይቻልም፤ አብዛኛው በሽተኛ መነሻው ላይ ፖታሲየሙ ዝቅተኛ አይሆንም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በመካከል ያለው መንገድ የልብ ምት ንድፍ ወይም ኢሲጂ ነው፤ የቲ ሞገድ ሹል ሆኖ መውጣት ከፍተኛ ፖታሲየምን፣ መደልደሉና የዩ ሞገድ መታየት ዝቅተኛውን ይጠቁማል። ኢሲጂ ፖታሲየምን አይለካም፤ ንድፉ ደህና መስሎ ፖታሲየሙ የተዛባ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ለብዙ ቀናት ያስመለሰ፣ ጡንቻው የዛለና የዩ ሞገድ የታየበት በሽተኛ ላይ ኢንሱሊኑን አዘግይቶ ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ፣ በመንገድ ላይም ፈሳሹን መቀጠል ከጭፍን ውሳኔ የተሻለ ይመስለኛል። ከወለንጪቲ ወይም ከወንጂ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሚላክ በሽተኛ የሪፈር ወረቀት ላይ «ኢንሱሊን ተሰጥቷል» ከማለት ይልቅ ስንት ዩኒት፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ያህል ፈሳሽ ገብቶ፣ ሽንት ወጥቶ እንደሆነ ቢጻፍ ተቀባዩ የሚለካው ፖታሲየም ትርጉም ይኖረዋል።

የሽንት ኪቶን የማይነግረው

በብዙ ተቋሞቻችን ኪቶን የሚታየው በሽንት ስትሪፕ ነው። ስትሪፑ የሚለየው አሴቶአሴቴት የተባለውን ኪቶን ነው፤ በዲኬኤ ጊዜ በብዛት የሚገኘውን ቤታ ሃይድሮክሲቡቲሬት የተባለውን ግን አያየውም። በሽታው በተባባሰበት ሰዓት ስትሪፑ መለስተኛ ውጤት ሊያሳይ፣ ሕክምናው መሥራት ሲጀምር ደግሞ የማይታየው ዓይነት ወደሚታየው ስለሚለወጥ ቀለሙ ይበልጥ ሊጠቁር ይችላል። በሽተኛው እየተሻለው ቁጥሩ የባሰ ይመስላል ማለት ነው። ስለዚህ የሽንት ኪቶን ለመነሻ ምርመራ ይጠቅማል፤ የሕክምናውን ሂደት ለመከታተል ግን ባይካርቦኔቱ፣ አናየን ጋፑና አተነፋፈሱ የተሻሉ ናቸው። የደም ኪቶን መለኪያ ባለበት 3 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ መሆኑ ዲኬኤን ይደግፋል። ፒኤች ለመለካት ከደም ቅዳ ቧንቧ መውጋት የግድ አይደለም፤ ከደም መልስ የተወሰደው ልዩነቱ ጥቂት በመሆኑ ለአብዛኛው ውሳኔ ይበቃል፤ ለበሽተኛውም ሕመሙ ያንሳል።

የነጭ የደም ሕዋስ ቁጥር ኢንፌክሽን ሳይኖርም በዲኬኤ ምክንያት ብቻ እስከ 15,000 ሊደርስ ይችላል፤ ከ25,000 ሲያልፍ ኢንፌክሽን አጥብቆ ይፈለጋል። የኩላሊት ሥራ የሚገመትበት ክሪያቲኒንም በአንዳንድ የመለኪያ ዘዴዎች በኪቶኑ የተነሳ ከእውነተኛው በላይ ስለሚታይ ከፈሳሹ በኋላ ደግሞ ይለካል።

ላብራቶሪ የማይጠበቅበት

ከላይ ያለው ሁሉ ውጤትን አስተውሎ ስለ መጠበቅ ነው፤ ስኳር ሲወርድ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ላብ ያጠመቀው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ግራ የተጋባ ወይም ራሱን የሳተ የስኳር ሕመምተኛ ላይ የጣት ምርመራ ወዲያው ይደረጋል፤ መሣሪያው ከሌለ ወይም ካልሠራ ወደ ላብራቶሪ ተልኮ ውጤት አይጠበቅም፣ ስኳር ይሰጣል። በስሕተት ለአጭር ጊዜ የጨመረ ስኳር የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ሲሆን፣ ሳይታከም የቆየ የስኳር መውረድ ግን አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። መዋጥ የሚችል ሰው 15 ግራም ፈጣን ስኳር ወስዶ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካል። ራሱን ለሳተ ሰው በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በደም ሥር ይሰጠዋል። በአገራችን የተለመደው ባለ 20 ሚሊሊትር የ40 በመቶ ግሉኮስ በውስጡ የያዘው 8 ግራም ስኳር በመሆኑ 25 ግራም ገደማ ለመስጠት ሦስቱ ያስፈልጋሉ፤ አንዱን ብቻ ሰጥቶ ውጤት መጠበቅ በቂ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ 130 የሚል ቁጥር ሲታይ የሚመጣው እፎይታ ጥንቃቄ ይሻል። በሽተኛው ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ክኒን የሚወስድ ከሆነ፣ በተለይም ዕድሜው የገፋ ወይም ኩላሊቱ የደከመ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ለ24 ሰዓትና ከዚያም በላይ ኢንሱሊን እንዲመነጭ ማድረጉን ሊቀጥል ስለሚችል ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳል። በዐቢይ ጾም ወይም በረመዳን ክኒኑን በወትሮው መጠን እየዋጡ ምግቡን ያዘገዩ አዛውንት በአንድ ደህና ውጤት ወደ ቤት ሊላኩ አይገባም፤ በየሰዓቱ እየተለኩ ማደር አለባቸው።

ማን ይወስን?

በዚህ ጉዳይ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንዳንድ ሐኪሞች ውጤትን ተርጉሞ ኢንሱሊንና ፖታሲየም ማስተካከል የሐኪም ኃላፊነት ስለሆነ ነርሷ ውጤቱን ማሳወቅ ብቻ ይገባታል ይላሉ፤ ስጋታቸው አንድ ስሕተት ሕይወት ሊያሳጣ መቻሉ ነው። ሌሎች ደግሞ ሐኪሙ ቀድሞ በፈረመበት የጽሑፍ መመሪያ መሠረት ነርሷ በየሰዓቱ እንድታስተካክል መፍቀድ መዘግየትን ያስቀራል ብለው ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ስጋት ቀላል አይደለም፤ ሆኖም አንድ ተረኛ ሐኪም ብዙ ክፍል በሚሸፍንበት ሌሊት ውጤቱን ያየችው ነርስ ምን ማድረግ እንዳለባት አለማወቋም ያው አደጋ ነው። ወሰኑ በግልጽ የተጻፈ መመሪያ፣ ማለትም ፖታሲየም ከስንት በታች ሲሆን ኢንሱሊን እንደሚቆም፣ ስኳሩ በሰዓት ከ75 በላይ ሲወርድ ማን እንደሚጠራ የሚናገር አንድ ገጽ ሁለቱንም ወገን ያስማማል ብዬ አምናለሁ። በስልክ የሚነገር አሳሳቢ ውጤትም ተቀባይዋ ጽፋ መልሳ ካነበበችው በኋላ ነው እንደተላለፈ የሚቆጠረው፤ «ሦስት ነጥብ አንድ» እና «አምስት ነጥብ አንድ» በተጨናነቀ ክፍል ውስጥ ተቀራራቢ ድምፅ አላቸው፤ የሚያስከትሉት ሕክምና ግን ተቃራኒ ነው።

ስኳሩ ከወረደ በኋላ

ስኳሩ በሰዓት ከ50 እስከ 75 እየወረደ ወደ 250 ሲደርስ ኪቶኑ ገና አልጠፋም። አሲዱን የሚያጠፋው ኢንሱሊኑ ነው፤ ኢንሱሊኑን ለመቀጠል ደግሞ ስኳሩ እንዳይወርድ መደገፍ አለበት። ቤተሰቡን ያስገረመው ግሉኮስ የሚንጠለጠለው በዚህ ምክንያት ነው። የኢንሱሊኑ መጠን ይቀነስ ይሆናል እንጂ አይቋረጥም። በሕፃናትና በወጣቶች ላይ ፈጣን መውረድ ከአንጎል እብጠት ስጋት ጋር ስለሚያያዝ ራስ ምታት፣ እንቅልፍ መብዛት ወይም የልብ ምት መዘግየት ከታየ የስኳሩ ቁጥር ያማረ ቢሆንም ሐኪም ወዲያው ይጠራል።

ዲኬኤው ለቀቀ የሚባለው ስኳሩ ከ200 በታች ስለወረደ ብቻ አይደለም፤ ፒኤች 7.3 ወይም ባይካርቦኔት 18 ደርሶ፣ የደም ኪቶን የሚለካ ከሆነም ከ0.6 በታች ሲወርድ ነው። በደም ሥር የሚሰጥ ኢንሱሊን በደቂቃዎች ውስጥ ከደም ስለሚጠፋ ከቆዳ ሥር የሚሰጠውና ለረጅም ሰዓት የሚሠራው (ረጅሙ) ኢንሱሊን፣ የደም ሥሩ ኢንሱሊን ከመቋረጡ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት አስቀድሞ መወጋት አለበት። ይህ ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው በሥራ ርክክብ ላይ ነው፤ የቀኗ ነርስ የማታዋ ትሰጠዋለች ብላ ትሄዳለች፣ የማታዋም የቀኗ ሰጥታዋለች ብላ ትረከባለች፤ ንጋት ላይ ባይካርቦኔቱ እንደገና 12 ሆኖ ይገኛል። በርክክቡ ቅጽ ላይ የመጨረሻው ፖታሲየም ስንት እንደነበረና በስንት ሰዓት እንደተቀዳ፣ የሚቀጥለው መቼ እንደሚቀዳ፣ ረጅሙ ኢንሱሊን በስንት ሰዓት በማን እጅ እንደተወጋ የሚጻፍባቸው ሦስት መስመሮች ቢኖሩ ሁለቱም ነርሶች አንዷ የሌላዋን ሥራ በግምት መረከባቸው ይቀራል።